ጉርሻው ስንት ግራም ነው?

ሽሮ መሥራት ቀላል ነው፤ ስለ ሽሮ ጽፎ ማሳተም ነው ሰውን የሚያስረጀው። ይህን ሽበት ያመጣው ዕድሜ እንዳይመስላችሁ። «ጽሑፋችሁን በአክብሮት ተመልክተነዋል፤ ነገር ግን…» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ነው። በየቀዬው ሕፃን እየቀጨጨ «ይህ ልጅ ትናንት ምን በላ?» ብሎ መጠየቅ ጽድቅ ነው ብለን ነበር ሥነ ምግብ የተማርነው። ጽድቅነቱ አሁንም አለ። መልሱ ታትሞ እስኪወጣ ግን ልጁ ጺም ያበቅላል፣ ሚስት ያገባል፣ በተራው ምን በላ ተብሎ የሚጠየቅ ልጅ ይወልዳል።

እኔ እንኳ ጡረታ ወጥቻለሁ። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ዘመድ አለኝ። የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ላፕቶፗን ታቅፋ ትመጣና «ጋሼ፣ እስቲ ይቺን ማኑስክሪፕት አንዴ ይዩልኝ» ትለኛለች። ይቺ! ከነአባሪዋ ስልሳ ገጽ ናት። ጽሑፉ የገጠር እናቶችና ሕፃናት በቀን ምን እንደሚበሉ የሚያጠና ነው። ቁም ነገሩ በሦስት ገጽ ያልቃል። የቀረው ለመጽሔቱ የሚቀርብ ደጅ ጥናት ነው።

በሙያችን «የ24 ሰዓት ትውስታ» የሚባል መጠይቅ አለ። መረጃ ሰብሳቢው እናቲቱ ቤት ይገባና ትናንት ከነጋ ጀምሮ የቀመሰችውን ሁሉ አንድ በአንድ ያስቆጥራታል። «ምን በሉ?» «ያው እንጀራ ነዋ።» «ስንት?» «እስክጠግብ።» «በምን?» «በወጥ።» ከዚህ ውስጥ ካሎሪውን፣ ብረቱንና ዚንኩን አንጥሮ ማውጣት የተመራማሪው ፋንታ ነው። የእህቴ ልጅ አውጥታለች፤ ጎበዝ ናት። ጣጣ ያመጣባት፣ ቤተሰቡ ከአንድ ትሪ አብሮ እንደሚበላና እንደሚጎራረስ በአንዲት ዓረፍተ ነገር መጥቀሷ ነው። ሁለተኛው የመጽሔቱ ገምጋሚ (ሁሌም ሁለተኛው ነው፤ አንደኛው ጨዋ ሰው ነው) ያቺን ዓረፍተ ነገር ይዞ አልለቅ አለ። አንድ ጉርሻ በአማካይ ስንት ግራም ነው? የሚመዘገበው በአጉራሹ ነው ወይስ በጎራሹ? ያልተቀበሉት ጉርሻ በስሌቱ እንዴት ተያዘ?

እናንተዬ! የአማት ጉርሻና የሙሽራ ጉርሻ ተደምሮ ለሁለት ይካፈላል? ያልተቀበሉት ጉርሻማ በአገራችን የት አለና! «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ተብሎ ሁለተኛው ይከተላል፤ ሁለተኛው ከመጣ ሦስተኛው የት ይቀራል? እኔም ለእህቴ ልጅ መልስ አስጻፍኳት፦ «የተከበሩ ገምጋሚ፣ ጉርሻዎቹ በስታቲስቲክስ ደንብ አንዱ ከሌላው ነጻ አይደሉም።» ሰረዘችው። እሷ የጻፈችው «ገምጋሚው ላነሡት እጅግ ጠቃሚ ነጥብ ከልብ እናመሰግናለን» የሚል ነበር። የዛሬ ልጆች ሲሰደቡም ያመሰግናሉ።

መላ የለውም አልልም። ሮዛሊንድ ጊብሰንና ኢሌን ፈርጉሰን ያዘጋጁት መመሪያ አለ፤ ለእናቲቱ አስቀድሞ ሳህንና የምግብ ሥዕል ያለበት ወረቀት ይሰጣታል፤ በዕለቱ ከራሷ ሳህን ትበላለች፤ የበላችውን ሥዕሉ ላይ ምልክት ታደርጋለች። ጊብሰን አገራችንን የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ በ1968 እ.ኤ.አ. በወጣው የኢትዮጵያ ምግቦች ይዘት ሰንጠረዥ ላይ ስማቸው አለ። ዘዴው ደህና ዘዴ ነው። ግን አንዲት ሴት በድንገት ለብቻዋ ሳህን ይዛ ጥግ ስትቀመጥ ባልየው «አሞሻል እንዴ?» ይላታል፤ አማትየዋ «ተጣላችሁ?» ትላለች። «ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል» በሚባልበት ቤት ነው እኮ! ሴትየዋም ወይ አፍራ ከወትሮው አሳንሳ ትበላለች፣ ወይ በእንግዳ ፊት ያጣች እንዳትመስል ዕንቁላል ትጠብሳለች። ያን ዕንቁላል እኛ ከነጥብ በኋላ በሦስት አኃዝ መዝግበን እንልካለን።

ጾሙንስ ብትሉ! ገምጋሚው በመጋቢት ወር የእንስሳት ተዋጽኦ ከሰንጠረዡ ጠፍቶ ቢያገኘው ድርቅ ነበር ወይ፣ የከብት በሽታ ገብቶ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀ። ሁዳዴ ነው የገባው! 55 ቀን። ምእመኑ በዓመት ውስጥ ወደ 180 ቀን ይጾማል፤ ካህኑ ከዚያም በላይ። ይህን «ጾም ነበር» ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ ማጣቀሻ አምጡ ተባልን። እኔን ሊያመጡኝ ይችሉ ነበር፤ ምስክር ነኝ። አንድ ነገር ግን ልመስክርለት፤ ይህን ሰውዬ ሳማ ከዋልኩም በኋላ ጥያቄው ቁም ነገር ነበረው። ሕፃን አይጾምም፤ ሃይማኖቱም አያዝም። እናቲቱ ግን «ዕቃው ይነካካብኛል» ብላ በጾም ለልጁም ወተትና ዕንቁላል ቤት ውስጥ አታሰናዳም። ይህ በብዙ ጥናት የታየ ነገር ነው። የእህቴ ልጅ ዳታ ውስጥም ነበረ፤ ከአባሪዎቹ ሥር ተቀብሮ። ያ ነው ጽሑፉ! ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ማጀቢያ ነው። «ወደ ፊት አውጪው» ብላት «ጋሼ፣ ለመግቢያ የተፈቀደው ቃል አልቋል» አለችኝ።

የሕፃኑን ዕድሜ ደግሞ እንይ። ልጅ ቀጨጨ የሚባለው ቁመቱ ከዕድሜው ጋር ሲነጻጸር ነው፤ ዕድሜው በሁለት ሦስት ወር ከተዛነፈ ጤነኛው ይቀጭጫል፣ የቀጨጨው ይድናል። እናቲቱን «መቼ ተወለደ?» ብትላት «ለኅዳር ሚካኤል ማግሥት፣ ያ መንገድ የወጣ ዓመት» ትልሃለች። ከዚህ ተነስተህ ወደ ፈረንጅ ቀን ትቀይራለህ። ጳጉሜን የተወለደውስ? ቅጹ የተሠራበት ኮምፒዩተር ወር የሚያውቀው እስከ 12 ነው። «13ኛ ወር» ብለን የጻፍነውን አንዱ የትየባ ስሕተት ነው ብሎ አስምሮበታል። አገር ሙሉ የትየባ ስሕተት ሆነን ቀረን።

መለኪያውም ቢሆን አይጸናም። የ2000 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሲወጣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን 52 በመቶ ቀጭጨዋል ተባለ። በ2006 የዓለም ጤና ድርጅት ከብራዚል፣ ከጋና፣ ከሕንድ፣ ከኖርዌይ፣ ከኦማንና ከአሜሪካ የተወሰዱ ደህና የተመገቡ ሕፃናትን ለክቶ አዲስ መስፈሪያ አወጣ። የድሮዎቹ ልጆች በአዲሱ ሲሰፈሩ 58 በመቶ ሆኑ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ሳይለኩ፣ አጠሩ። መስፈሪያው የተሻለ ነው፤ አልካድኩም። ግን የድሮ ጽሑፌን ያየ ወጣት «ጋሼ፣ ቁጥርዎ ትክክል አይደለም» ሲለኝ የምነግረው ቸገረኝ።

ስማችን ላይ ስንመጣ ሌላ መከራ ነው። መላኪያው ቅጽ «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ ባዶ ከተውከው አያሳልፍህም። የአባትህን ትሰጠዋለህ። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬ ነበሩ። ዛሬ ለንደንና ቦስተን የሚጠቀሱት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ከስማቸው ኋላ በአንዲት ፊደልና በነጥብ ተወስኜ ቀርቻለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ አባቶቻቸው ሁለቱም ተስፋዬ የሚባሉ ሁለት ልጆች አብረውኝ ጻፉ፤ የሥጋ ዝምድና ካላችሁ አስታውቁ የሚል ደብዳቤ መጣልን። አንዱ ከጎጃም፣ አንዷ ከሐረር! ሰዎቹም ግራ ገብቷቸው ይመስለኛል በ2012 እ.ኤ.አ. ኦርኪድ የሚባል ባለ 16 አኃዝ የተመራማሪ መለያ ቁጥር ያመጡልን። እስረኛ እንኳ እንደዚህ ረጅም ቁጥር አይሰጠውም።

ከዚያ «ቼክሊስቱን ሙሉ» ይባላል። ስትሮብ የሚሉት የጥናት ጽሑፍ ማሟያ ዝርዝር 22 ነጥብ አለው። ሥነ ምግብ ለብቻው ይታይ ተባለና በ2016 እ.ኤ.አ. ስትሮብ-ነት የሚባል መጣ፤ 24 ተጨማሪ ማሳሰቢያ። እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ጉዳዩ በየትኛው ገጽ እንደተጻፈ ታመለክታለህ። አመለከትን። ስትልከው ሲስተሙ የራሱን ፒዲኤፍ ይሠራል፤ ገጹ ሁሉ በሁለት ይገፋል። ገምጋሚው ገጽ 9 ይሄዳል፣ ያለው ገጽ 11 ላይ ነው፤ «ደራሲዎቹ ጥንቃቄ ይጎድላቸዋል» ይላል።

ከነዚያ ነጥቦች ውስጥ የምወደው አለ፦ የምግቡን ይዘት ከየትኛው ሰንጠረዥ እንደወሰድክ ተናገር የሚለው። ይህ የሚያሳፍር ጥያቄ ነው፤ ማሳፈሩም ደግ ነው። የራሳችን ሰንጠረዥ ውስጥ የሌለውን ከታንዛኒያ፣ ከኬንያ፣ ከአሜሪካ እየተበደርን ነው የምንሞላው። የደብረ ብርሃን ጎመን የአሜሪካ ቫይታሚን ይዞ ይታተማል። የጤፍ ብረት ደግሞ ራሱን የቻለ ተረት ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች ኢትዮጵያዊ በቀን የሚወስደውን የብረት መጠን ሲያዩ ደንግጠው ነበር። ብዙው ከአውድማ የመጣ ነው፤ ጤፉ መሬት ላይ በበሬ ሲበራይ አፈር ይገባበታል፤ የአፈሩን ብረት ደግሞ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። በደንብ ታጥቦ የተለካ ጤፍ ሌላ ቁጥር ይሰጣል። እንግዲህ ይህን የማያውቅ ገምጋሚ «የብረት መጠናችሁ የማይሆን ነው፤ አስተካክሉ» ይልሃል። ምኑን ላስተካክል? በሬውን?

በድሮው ጊዜ በጽሕፈት መኪና ነበር፤ ከሥር ካርቦን፣ ሦስት ኮፒ፣ ግራፉ በቀለም ብዕር በእጅ። ዋናው ፖስታ ቤት ተሂዶ በአየር መልእክት ይላካል፤ መልሱ በወራት ይመጣል፤ እስከዚያ ሰው ሥራውን ይሠራል። በ1978 እ.ኤ.አ. የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ቫንኩቨር ከተማ ተሰብስበው አንድ ወጥ አጻጻፍ እናድርግ ያሉትም፣ ደራሲው አንዱ መጽሔት በመለሰለት ቁጥር ለሌላው እንደገና እንዳይተይብ አዝነው ነው። ሐሳቡ ቅን ነበር። አሁን ተመልከቱ፦ አንዱ አብስትራክት በ250 ቃል፣ አንዱ በ300፤ አንዱ ኪሎካሎሪ፣ እንግሊዞቹ ኪሎጁል። አንዱ ደግሞ «ዋና ዋና ነጥቦች» ይልና እያንዳንዱ ነጥብ ከ85 ፊደል እንዳይበልጥ ያዛል። ሌላው ሥዕላዊ አብስትራክት ይፈልጋል። የእህቴ ልጅ እርጉዝ ሴት፣ እንጀራና ቀስት አድርጋ ሣለችለት። እንጀራው ፒዛ ይመስላል።

የመጀመሪያው መጽሔት ጽሑፏን ሲመልሰው ምን አለ መሰላችሁ? «ሥራው ደህና ነው፤ ጉዳዩ ግን የአንድ አካባቢ ነው።» የአሜሪካ ነርሶችን ጥናት ታውቃላችሁ? በ1976 እ.ኤ.አ. 121,700 ነርሶች ይዞ ተጀመረ፤ ከ1980 ጀምሮ ስለሚበሉት ሲጠየቁ ኖሩ። ትልቅ ሥራ ነው፤ እኔም አስተምሬበታለሁ። የእነሱ ቁርስ ግን የዓለም ጉዳይ ሲሆን የእኛ ቁርስ የወረዳ ጉዳይ ይሆናል።

ደራሲ ማነው የሚለው ደግሞ ቤታችን ውስጥ ያለ ገመና ነው፤ ፈረንጅ አላመጣብንም። የሕክምና መጽሔት አዘጋጆቹ ደንብ አራት መስፈርት አለው፤ አራተኛው በ2013 እ.ኤ.አ. የተጨመረው ለጻፍከው ነገር ሁሉ ተጠያቂ ነኝ በል የሚለው ነው። በእኛ ዘንድ አንድ መስፈርት ይበቃል፤ አለቃ መሆን። አንዱ ጽሑፉን ሳያነብ «ስሜን ሦስተኛ ላይ አድርጉት» ብሎ ስልክ ይደውላል። ደግሞ እያንዳንዱ ደራሲ የሠራውን ከ14 የሥራ ዓይነቶች መርጦ ምልክት ያድርግ ይባላል። ለአለቃው «አመራር» ተሰጠው። የቁመት መለኪያውን ሳንቃ በትከሻው ተሸክሞ ሽቅብ ቁልቁል ሲል የከረመው ልጅ ግን ስሙ ከ14ቱ በአንዱም አልተጻፈም። እናቲቱ እስክታምነው ሦስቱንም ቡና የጠጣ ሰው የሚሞላው ሳጥንም አላየሁም። አቦል፣ ቶናና በረካ ያለ እነሱ ማን መልስ ሰጥቷችሁ ያውቃል?

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም፣ ደሜ ይፈላል። ማሳተሚያው በሺዎች ዶላር ነው። ብሩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ወደ ብር መቀየሩን ትቼዋለሁ፤ ለልብ ሕመምተኛ አይመከርም። እርግጥ ደሃ አገር ስለሆንን ብዙዎቹ አሳታሚዎች ይምሩናል። ግን ምሕረቱ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ በተጻጻፊው ደራሲ አገር ነው፤ አውሮፓ ያለ ባልደረባችሁ በትሕትና «የእኔን ኢሜይል አስገቡት» ካለ ድህነታችሁ ተሰረዘ፤ ክፈሉ። በሌላ በኩል ማንም የማይምራቸው፣ ማንንም የማይመልሱ መጽሔቶች አሉ። ሌሊት ኢሜይል ይልካሉ፦ «እጅግ የተከበሩ ሊቅ፣ ድንቅ ሥራዎን አንብበን ተደነቅን።» የደነቃቸው ሥራዬ ስለ ጓያ ነበር፤ የጋበዙኝ ስለ ጥርስ ሕክምና እንድጽፍ ነው። በሦስት ቀን «ተገምግሞ አለፈ» ይሉሃል። ለማዕረግ የተጣደፈ ስንቱ ልጅ ነው ደመወዙን ለእነሱ የገበረው! ቢል የሚባል የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ስማቸውን ዘርዝሮ አውጥቶ ነበር፤ በ2017 እ.ኤ.አ. እሱም ዝርዝሩን አነሣው።

አትፍረዱብኝ እንጂ እኔም እገመግማለሁ። በነጻ ነው፤ አሳታሚው ያተርፋል፣ ለእኔ «እናመሰግናለን» የምትል ኢሜይል ትደርሰኛለች። ባለፈው ስለ ቆጮ የተጻፈ ላኩልኝ። ቆጮው ስንት ወር ጉድጓድ እንደቆየ አልተጻፈም! ከጎመን ጋር ይበላል ይላል፤ ጎመኑ ቅቤ አለው የለውም? ቅቤው ለጋ ነው የተነጠረ? በማንኪያ ነው በእጅ? አሥራ ዘጠኝ ጥያቄ ጽፌ መለስኩላቸው። ልጆቹ እያለቀሱ ይሆናል። ያልቅሱ፤ የቅቤው መጠን ሳይታወቅ ስለ ቅባት የሚወራ የለም።

የእህቴ ልጅ ጽሑፍ በመጨረሻው አለፈ፤ ሦስተኛው መጽሔት ወሰደው። የጉርሻዋ ዓረፍተ ነገር ተሠርዛ ወጥታለች፤ ሁለተኛው ገምጋሚ እንዳረፈ እንጃ። ለኅትመት የተሰናዳው ፕሩፍ መጥቶ «በ48 ሰዓት አርማችሁ መልሱ» የተባለው ግን መቼ መሰላችሁ? ቅዳሜ ስዑር። ቤቱ ዶሮ በዶሮ ሆኖ፣ እህቴ ሽንኩርት ላይ አጎንብሳ፣ ልጅቱ ላፕቶፗን ከቅቤው ማሰሮ አጠገብ አስቀምጣ ትፈትሻለች። አንደኛው ጥያቄ በቀይ ተጽፏል፦ የደራሲዎቹ የቤተሰብ ስም በትክክል መለየቱን አረጋግጡ።

«ጋሼ፣ ምን ልበላቸው?» አለችኝ።

«እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?» አልኳት። «እዚያ ሳሎን ተቀምጦልሻል፣ አባትሽን ጠይቂ፤ የሚታተመው እሱ ነው።»